የግራ ኪስ

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ትንሽ ወረድ ብሎ፣
ሽቦና ብሎን እንደ እህል ተቆልሎ፣
ደብረ ብርሃን ላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል
ጋሽ ማንያዘዋል ሬዲዮ ይጠግናል።
(ይጠግን ነበር ልበል። አፌ ግን እስከ ዛሬ «ይጠግናል» ይላል።)

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።
ቀኝ እጁ ይሠራል፣ ግራው ኪሱ ውስጥ ይቀመጣል።
እጁን የበረደው፣
ወይ የሰነፈ ሽማግሌ መሰለኝ፤
ምሥጢሩን እስኪነግረኝ፣
ማለትም እስኪጮኽብኝ።

የድሮ ቴሌቪዥን ነበር፣ ሆዱ የተነፋ፤
ጀርባውን ፈትቼ ጣቴን ወደ ውስጥ ስሰድ
«ተው!» አለኝ፤ ድምፁ የጣሪያውን ቆርቆሮ ገፋ።
«ከሶኬት ነቅዬዋለሁ እኮ ጋሼ፤ ሞቷል።»
«መቼ?»
«ትናንት ማታ።»
ምንም አልመለሰ። ረጅም ብሎን መፍቻ አነሣ፣
አንገቱ ላይ ሽቦ አሰረ፣
የሽቦውን ጫፍ ከብረቱ አካል ጋር አያያዘ፣
ከዚያ ግራ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ፤
በመስታወቱ ጀርባ ካለው የጎማ ቆብ ሥር
የመፍቻውን ጫፍ ቀስ አድርጎ አሾለከ።

ጧ!

ሰማያዊ ነበር። ሱቁ መብረቅ መብረቅ ሸተተ።
«ይኸውልህ ሬሳህ» አለኝ።

«ይኼ ቂም ይይዛል ልጄ። ያበላኸውን አይረሳም፤
ሲጠራቀም ድምፅ የለው፣ ሲከፍልህ ግን አይሳሳም።
ሁለት እጅ ከሰጠኸው
በአንዱ ገብቶ በሌላው ሊወጣ ነው፣
መንገዱም በደረትህ ነው።
አንዱን በር ዝጋው።»

መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ያማርራል፤
እሱ ተነሥቶ ማብሪያውን ያጠፋል፣ ገመዱን ይነቅላል፤
«የሄደ መብራት» ይላል፣ «ሳያንኳኳ ይመለሳል።»

በስሙ ይቀልዱበት ነበር።
«እሱን ደግሞ ማን ያዘዋል!» ይላሉ ጎረምሶች፣ ሒሳቡ ሲከብዳቸው።
አገጩን ወደ ላይ፣ ምሰሶው ላይ ወደተዘረጋው ሽቦ ያነሣና
«ስሙስ የሱ ነበር፤
እናቴ ተሳስታ ለኔ ሰጠችኝ።»

ከዚያ አቤኔዘር መጣ፤ ኢንጂነር፣ በተመረቀ በዓመቱ፣
የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ፈልጎ።
ጣውላ ላይ መብረቅ ይሥልበታል፣
እንደ ዛፍ ሥር የሚሠነጣጠቅ፣
ፍሬም አበጅቶ ይሸጠዋል።
«ስንት ቮልት ነው?» አለ ጋሽ ማንያዘዋል፣ እንደማያውቅ።
«ሁለት ሺህ ምናምን።»
«ምናምኑ ነው የሚገድለው።»
አልሸጥም አለ።
ልጁ ስሌቱን በወረቀት አሳየው፤ ስሌቱ ልክ ነበር።
ሌላ ቦታ ገዛ።

በሦስተኛው ሳምንት እኅቱ ጣውላውን ይዛ መጣች።
ዛፉ ከሁለት ጫፍ ተነሥቶ
መሐል ላይ ሊገናኝ አራት ጣት ሲቀረው ቆሟል።
«ጓንት አድርጎ ነበር» አለች፣ ለኛ ይሁን ለራሷ።
ማንም ምንም አልጠየቀም።
ጣውላው ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ ተሰቀለ፤
ከዚያ ወዲህ ትራንስፎርመር ለሚጠይቅ ሁሉ
ጋሽ ማንያዘዋል በአገጩ ብቻ ያሳያል።

እሱ በአልጋው ላይ ሞተ፣ በሳል፣ በሰባ ስድስት ዓመቱ።
የወረስኩት ካፖርቱን ነው።
የቀኙ ኪስ ደህና ነው። የግራው ገበር አልቋል፤
እጄ ሲገባ ሾልኮ እስከ ጠርዙ ይወርዳል።
ላሰፋው ብዬ ነበር። ተውኩት።
አርባ ዓመት ሙሉ
አንድ ሰው ያልሞተበት ቀዳዳ ነው።

ትናንት አዲሷ ተለማማጅ፣ ወለላ፣
የሶላር ኢንቨርተር ከፍተን ሳለ
«እጅህን በረደህ እንዴ?» አለችኝ።
ብርዱማ የታወቀ ነው፣ «አዎ» ልላት ስል
ጣቷ ወደ ካፓሲተሩ ሲሄድ አየሁ፤
ቆርቆሮውን የገፋው ድምፅ
የእኔ አልመሰለኝም።